ጨው ቀማሿ

በደርግ ጊዜ ለንደን ከገባሁ በኋላ መጀመሪያ ያገኘሁት ቋሚ ሥራ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ይባል እንጂ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። እሑድ ምእመናን የሚቀመጡባቸው ወንበሮች ሰኞ ጠዋት ጥግ ላይ ይደረደሩና ትንንሾቹ ጠረጴዛዎች ይዘረጋሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ እዚያ የተቀጠርኩት ግን ለማስተማር አልነበረም። ኩሽናውን እይዛለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሙጫና ቀለም የነካውን ሁሉ እፈትጋለሁ። ኩሽናውንና አዳራሹን የምታገናኝ አንዲት የምግብ ማቀበያ መስኮት ነበረች። ልጆቹን የማያቸው በዚያች መስኮት ስለሆነ ከብዙዎቹ የማውቀው ፀጉራቸውን ብቻ ነበር።

የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ ነው። አራት ዓመት አልፏታል፣ አምስት አልሞላትም። አባቷ ለአጭር ትምህርት መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እናቷ አዲስ አበባ ናት። ባሏ ውጭ የቀረባት ሴት በዚያ ዘመን የመውጫ ፈቃድ አታገኝም፤ ስለዚህ ልጅቱን ለአንዲት መንገደኛ ዘመድ አደራ ሰጥታ ላከቻት። በኋላ እናቲቱም መጥታለች። ያን ጊዜ ግን ትምጣ አትምጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አባትየው አገር ቤት ጥሩ የመንግሥት ሥራ ነበረው። ለንደን ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ ነው የሚያጥበው፣ ያውም ለግማሽ ቀን። ጠዋት ልጁን ሲያመጣ በሩ ላይ ሰላምታ እንለዋወጣለን። አንድ ቀን ፊቱ ፈክቶ፣

«ቀኑን ሙሉ መሥራት ከቻልክ ቋሚ እናደርግሃለን ብለውኛል እኮ» አለኝ። «ቋሚ ከሆንኩ የመንግሥት ቤት እንዲሰጡኝ አፕላይ አደርጋለሁ። እናቷ ስትመጣ የምትገባበት ይኖራል።»

«እግዚአብሔር ያሳካልዎ» አልኩት።

ልጅቱ ከእኛ ዘንድ እስከ ማታ መዋሏ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የነርሰሪው ኃላፊ በማቀበያዋ መስኮት ላይ በክርናቸው ተደግፈው አነጋገሩኝ። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ እንግሊዛዊት ናቸው።

«ያቺ ያገርሽ ልጅ አትበላም» አሉኝ።

«ታመመች እንዴ?»

«ትሮጣለች፣ ትስቃለች፣ ምንም አልሆነችም። ምግብ ሲመጣ ግን ‹ኖ፣ ታንክ ዩ› ትላለች። በየቀኑ፣ እንዲህ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ወተት እንኳ አትጠጣም። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ግን በጨዋነት ሆድ አይሞላም።»

ባዶ ሆዷን እስከ ማታ ማቆየት እንደማይችሉ ነገሩኝ። እስከ መኸሩ ግብዣ ድረስ ሊያዩአት፣ ያኔም ካልበላች አባቷ እኩለ ቀን ላይ እየመጣ እንዲወስዳት ወስነዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጅ በረሃብ ከሰዓት በኋላ ሲያለቅስ አይተው ያውቃሉ።

የመኸሩ ግብዣ ማለት በየዓመቱ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚደረግ ነው። ልጆቹ ያበሰሉትን ቤተሰብ መጥቶ ይበላል፤ ስለ ምርቱ ምስጋና ይቀርባል። ፊንስበሪ ፓርክ ውስጥ እህል የሚያመርት ሰው ባይኖርም ሁሉም ያመሰግናል። ግብዣው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

በነጋታው ከአስተማሪዎቹ አንዷ ስለቀረች በምሳ ሰዓት ከልጆቹ ጋር እንድቀመጥ ተደረገ። የተፈጨ ድንችና የተጠበሰ ዓሣ ነበር። ልጅቱ ሳህኗ ፊት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አትበዪም?» አልኳት በአማርኛ።

«አይ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። ዓይኗ ግን ዓሣው ላይ ነው።

«ምን በልተሽ ጠገብሽ?»

«ቅድም፣ ቤት።»

«አንድ ማንኪያ ብቻ።»

«አይ፣ ይቅርብኝ እትዬ።»

«በሞቴ! ካልበላሽልኝማ እቀየምሻለሁ።»

ማንኪያውን አነሳች። እንዴት እንደበላች አልናገርም። ሳህኑ ሲያልቅ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ አፉን ከፍቶ ያያት ነበር።

ሳቄ መጣ። ነገሩ ለእኛ ሰው ምንም የሚገርም አይደለም። ሰው ቤት ገብቶ፣ ብላ ሲባል ወዲያው እጁን የሚሰድ ማን ነው? አንዴ አይ ይላል፣ ሁለቴ አይ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ለባለቤቱ ሲል ይበላል። እኔም በዚያው አዳራሽ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሻይ ትጠጫለሽ ወይ ሲሉኝ አይ አልኩ። እሺ ብለው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡት። ሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ሻይ የማትጠጣ ሴት ናት ተባልኩና ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ ውሃ ስጠጣ ከረምኩ።

ለኃላፊዋ ይህንኑ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሦስት ጊዜ ልለምናት ነው የምትይኝ?»

«አዎ። ሁለቱ ለወጉ ነው።»

«እኔ ልጅ ሳለሁ» አሉ፣ «ትምህርት ቤት የቀዘቀዘ ጎመን ካልጨረስሽ አትነሺም ተብዬ፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ ብቻዬን ከሳህኑ ጋር እቀመጥ ነበር። አስተማሪዋ አጠገቤ ቆማ ብዪ፣ ብዪ ትለኛለች። ያን ጊዜ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እኔ ባለሁበት ቤት ልጅ አልፈልግም ካለ፣ አልፈለገም ማለት ነው። ማንም ደግሞ አይጠይቀውም።»

ይህን በሚሉበት ጊዜ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። ወደ ዕቃዬ ተመለስኩ።

ለአባትየው መንገር ይቀላል ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ ሊወስዳት ሲመጣ ካፊያ ነበር፤ በሩ ሥር ተጠልለን አለመብላቷንና የኃላፊዋን ውሳኔ ነገርኩት። መጀመሪያ ከልቡ ሳቀ።

«እሷ? ኧረ እህቴ! ቤት እኮ ድስቱን ነው የምትገለብጠው። እኔ ምግቡ ተስማምቷት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ምግቡንማ አልቀመሰችውም። ብቻ ሲሰጡሽ ወዲያው ተቀበዪ ብለው ይንገሯት፤ ያልቃል።»

ሳቁ ቆመ። ልጅቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የረገፉ ቅጠሎች ትለቅም ነበር። ወደ እሷ እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱን እኔ አይደለሁም ያስተማርኳት። እናቷ ናት። ቦሌ ስትሸኛት የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች፣ ‹ሰው ቤት ስትገቢ እንዳትስገበገቢ፤ ሲሰጡሽ መጀመሪያ አይ በዪ› አለቻት። ያመጣቻት ዘመዳችን ናት የነገረችኝ።»

«ልጅ ናት እኮ፤ ቢነግሯት ይገባታል።»

«ይገባታል። ችግሩ እሱ ነው» አለ። «እናቷን እየረሳቻት ነው፣ እህቴ። ድምፅዋን አታውቀውም። ያን ቀን የለበሰችው ምን ዓይነት ቀሚስ ነበር ብዬ ስጠይቃት እየገመተች ነው የምትመልስልኝ፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቢጫ። ይቺን ቃል ብቻ አልረሳችም። እሷንም ተያት ልበላት?»

«ሥራውስ?» አልኩት።

«እሱንም አስባለሁ» አለ። አውቶቡሱ መጣና ልጁን ብድግ አድርጎ ሄደ። በመስኮቱ ቅጠሏን እያወዛወዘች ተሰናበተችኝ።

የግብዣው ዝግጅት ተጀመረ። አስተማሪዎቹ ረጅም የግድግዳ ወረቀት በጀርባው ዘርግተው የጠረጴዛ ልብስ እንዲሆን ልጆቹ እንዲያሳምሩት አደረጉ። ድንች ለሁለት ተቆርጦ ፊቱ ላይ ቅጠል ይቀረጽበትና ቀለም ተነክሮ ወረቀቱ ላይ ይታተማል። ደህና ድንች ለማኅተም ሲውል መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ሲታተም ሳየው ግን ያምራል። ወረቀቱ መቶ ቀይና ቢጫ ቅጠል የረገፈበት መሰለ። አንዱ ልጅ ማኅተሙን ግንባሩ ላይ መትቶ ሲዞር ዋለ።

ምግቡን ለማብሰል ልጆቹ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ወደ እኔ ኩሽና ይመጡ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የአትክልት ሾርባ ልምምድ ነው። ካሮቱን በደነዝ ቢላዋ ይቆራርጣሉ፣ ዱባውን እኔ እቆርጥላቸዋለሁ። ልጅቱ ወንበር ላይ ቆማ ድስቱን ታማስል ነበር። ሾርባው ሲበስል፣ እንዲያው በልማድ፣ ሳላስበው በማንኪያ ጨልፌ ወደ እሷ ዘረጋሁ።

«ጨዉን እይልኝ።»

«ኖ፣ ታንክ …»

«ብዪ አላልኩሽም። ጨው እይልኝ ነው ያልኩሽ።»

እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ። «ጨው ማየት መብላት ነው?»

«አይደለም። ሥራ ነው። የሚያበስል ሰው ጨው ሳያይ ለሰው አያቀርብም።»

ይህን በጥሞና አሰበችበት። ማንኪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እፍ ብላ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«ያንሳል» አለች።

ነሰነስኩና ሰጠኋት። «አሁንስ?»

«ትንሽ ያንሳል።»

«አሁንስ?»

«አላውቅም፤ ደግሜ ልየው።»

ደጋግማ አየችው። በኩባያ አድርጌ ስሰጣት ኩባያውን ሙሉ አየችው። ያ ግንባሩ ላይ ቅጠል ያለው ልጅ ተናዶ በእንግሊዝኛ፣ «እሷ ለምንድን ነው ሁሌ የምትቀምሰው?» አለኝ።

«ጨው ቀማሿ እሷ ስለሆነች» አልኩት።

«እኔስ?»

«አንተ ካሮት ቆራጭ ነህ።»

«ካሮትም ይቀመሳል!» አለና አንድ ቁራጭ አፉ ውስጥ ጨመረ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከምሳ በፊት ብቅ እንድትል አደርጋት ጀመር። ምግቡ ምንም ይሁን ምን ጨዉን ታያለች። የፖሙን ማጣጣሚያ እንኳ ጨው አለው የለውም ብላ አይታልኛለች። የእናቷን ቃል አላስጣልኳትም፣ ሆዷም ባዶ አልዋለም። ገበታ ላይ ስትቀመጥ ግን ያው እጆቿ ጭኗ ላይ፣ ያው «ኖ፣ ታንክ ዩ»። ኃላፊዋ ያየሁትን ሁሉ አይተዋል።

«ደግ ነገር አደረግሽ» አሉኝ። «አንቺ የታመምሽ ቀንስ? እኔ ለአባቷ እስከ ማታ ትቆያለች ብዬ ማረጋገጥ የምችለው ገበታ ላይ የምትበላ ልጅ ስትሆን ነው።»

ልክ ናቸው።

የግብዣው ቀን ሐሙስ ስለነበረ ጾም የለም፤ እሱ ደስ ብሎኛል። ጠዋት ልጆቹ ትንንሽ ዳቦ ጋገሩ። ሊጡን እንደ እንቁላል ያድቦለቡሉታል፣ ጀርባውን በመቀስ ጫፍ እየቀነጠቡ እሾህ ያወጡለታል፣ ለዓይኑ ሁለት ዘቢብ ይሰኩበታል፤ ጃርት ይሆናል። የልጅቱ ጃርት ሦስት ዓይን ነበረው። ለምን ብላት፣ «ወደ ኋላም ይይ» አለችኝ።

እኩለ ቀን ላይ ቤተሰቦቹ መጡ። በልጆች ወንበር ላይ ትልልቅ ሰዎች ሲቀመጡ ጉልበታቸው ወደ አገጫቸው ይወጣል። አባትየው ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ግን ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነበር። አጠገቡ ሳልፍ የሳሙና ሽታ ሸተተኝ። ሾርባውን እኔና አስተማሪዎቹ አቀረብን። ሌላውን ልጆቹ በየተራቸው ይዘው እንዲዞሩ ተባለና ለልጅቱ የዳቦው ቅርጫት ደረሳት።

መጀመሪያ ያቀረበችው ለአንድ ሽማግሌ ነው፤ የአንዱ ልጅ አያት ናቸው። ጥርሳቸው እንደማይችለው በምልክት አሳይተው አይ አሏት። አልሄደችም። ቅርጫቱን ጠጋ አደረገችው። «ፕሊስ» አለች። አሁንም አይ አሏት። እንደ ሐውልት ቆመች። ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ፤ በመጨረሻ ሳቃቸው አምልጧቸው አንዱን ጃርት አነሱ። ሾርባው ውስጥ ነክረው ሲበሉት እስክታይ ጠብቃ ወደሚቀጥለው አለፈች። ቀጥላ ያለችው የአንዷ ልጅ እናት ገና ቅርጫቱ ሳይደርስ እጇን ሰዳ ሁለት ወሰደች። ልጅቱ ደንግጣ አየቻት።

ኃላፊዋ ጭልፋ እንደያዙ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ሦስት ጊዜ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከልቧ ነው እኮ የምትለምነው።»

አባቷ ጋ ደረሰች።

«ዳቦ፣ አባዬ።»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ ልጄ» አለ። በልማድ ነው ያለው። ወዲያው የገዛ ቃሉን እንደሰማ ያስታውቅበታል።

«እኔ ነኝ የጋገርኩት።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ይቅርብኝ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ሞትሽን አልስማ!» ብሎ ባለ ሦስት ዓይኑን አነሳ። ቆርሶ በላ። ልጅቱ ቅርጫቷን አስተካክላ ልትሄድ ስትል ግን ጠርዙን ይዞ አስቆማት።

«አንቺስ?»

«እኔ፣ ኖ ታንክ ዩ።»

ሾርባ የያዘ ትሪ እጄ ላይ ነበር። እንደያዝኩት ቆምኩ።

«ነይማ» አላት። «እናትሽ አይ በዪ ያለችሽ እንግዳ ስትሆኚ ነው። አይደለም?»

«አዎ።»

«ይኼን ዳቦ ማን ጋገረው?»

«እኔ።»

«ሾርባውንስ?»

«እኔና እትዬ። ጨዉን እኔ ነኝ ያየሁት።»

«እንግዲያው ጋባዧ አንቺ ነሽ፤ እንግዳው እኔ ነኝ። ጋባዥ እንግዳውን ብቻውን ያስበላል እንዴ? እናትሽ አንድም ቀን እንግዳ ብቻውን አስበልታ አታውቅም።»

ልጅቱ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች። «እማዬ?»

«እማዬ። ጠግባ እንኳ ቢሆን ቁራሽ ይዛ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። እንግዳው እስኪጨርስ ድረስ ቀስ እያለች ትበላለች።»

«ምን ላይ ቁጭ ትላለች?»

«ዱካ ላይ። በሩ አጠገብ ያለችው።»

ልጅቱ አንዲት ትንሽ ወንበር ጎትታ መጣች። ከአባቷ እጅ ግማሹን ዳቦ ተቀብላ ተቀመጠች፤ እሱ ሲጎርስ እየጠበቀች፣ ቀስ እያለች በላች። እሱ ሾርባ ሲያነሳ እሷም አነሳች። ሁለተኛ ሳህን ሳመጣላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ሥራ ላይ ነበረች። አባትየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። እኔም ወደ ኩሽና ገባሁ፤ የሚታጠብ ዕቃ ነበር።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ኃላፊዋ መጥተው አባቷ ምን እንዳላት ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ፎጣ አንስተው ዕቃ ማድረቅ ጀመሩ፤ ከዚያ በፊት አድርገውት አያውቁም።

«ቃሌን አላፈርስም» አሉ። «ትልቅ ሰው ልጅን ብላ እያለ አይለምንም። ልጆቹ ራሳቸው ለጓደኞቻቸው ቢያቀርቡስ? በየጠረጴዛው አንድ ጋባዥ ይኑር። ለእሷ ጠረጴዛ እሷ ትጀምር።»

ከሰኞ ጀምሮ እንደዚያ ሆነ። ልጅቱ ሽርጥ አስራ ለጠረጴዛዋ ታቀርባለች፤ ጎመን አልፈልግም ያለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ትለምናለች፤ ከዚያ ከእንግዶቿ ጋር ተቀምጣ ትበላለች። ካሮት ቆራጩ፣ «እሷ ባለችበት አልፈልግም ማለት አይቻልም» ብሎ ለኃላፊዋ ከሰሳት። እሳቸውም አንድ ጊዜ ጎመን ተለምነው በልተዋል። አባትየው ሙሉ ቀን ሥራውን ያዘ፤ ልጅቱም እስከ ማታ ከእኛ ጋር መዋል ጀመረች።

ተራው ለሌሎች ልጆች ሲደርስ ግን እንደገና ሰጋሁ። ጋባዥ ካልሆነች እንግዳ ናት፤ እንግዳ ከሆነች ደግሞ መልሷን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን የሚያቀርበው ያ ካሮት ቆራጭ ነበር። በመስኮቴ አየሁ። ሩዝና ባቄላ በጭልፋ ዘርግቶ፣ «ትፈልጊያለሽ?» አላት። ሳህኗን ሰጠችው። ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር ስለ አንድ የጠፋ ጓንት እያወራች መብላት ጀመረች። ግማሽ እንደደረሰች ማንኪያዋ አየር ላይ ቆመ። ከወንበሯ ወርዳ፣ አገጯ ላይ የቲማቲም ስጎ እንዳለ፣ ወደ መስኮቴ መጣች።

«እትዬ» አለችኝ። «አይ ማለት ረሳሁ።»

አገጯን በሽርጤ ጠረግኩላት። «ምንም አይደለም» አልኳት።

«ተመልሼ ልበለው?»

«ግማሹን ከበላሽ በኋላ?»

ወደ ሳህኗ ዞራ አየች። ሩዙ ይጨሳል። ትንሽ አሰበች።

«ነገ እለዋለሁ» አለችና ሮጣ ሄዳ የቀረውን በላች።

ማታ አባቷ ሲመጣ እንደ ሁልጊዜው በላች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ሳህኗን ጨርሳለች አልኩት። ሌላውን አልነገርኩትም።